ዴንታል ሃይጂኒስት ምንድን ነው? ከክሊኒክ ውጭስ ምን ይሠራል?

ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው መቼ ነው? አብዛኞቻችን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ካጣን በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ምርጫው ያው ነው፤ ወይ ማስሞላት ወይ ማስነቀል። ዴንታል ሃይጂኒስት የሚባለው ባለሙያ ሥራው ያ ሌሊት እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

በአማርኛ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ልንለው እንችላለን። በብሩሽ የማይለቀውን፣ ጥርስ ላይ የደረቀውን ታርታር ይጠርጋል። ድድ ከጥርስ ምን ያህል እንደራቀ በቀጭን መለኪያ ያያል። ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚረዳውን ፍሎራይድ ይቀባል። እንዴት እንደምንቦርሽም ያሳየናል፤ ብዙዎቻችን እንደምናውቅ ስለምናስብ ይቺን እንዘልላታለን። በአንዳንድ አገር የሚሠራው በጥርስ ሐኪም ቁጥጥር ሥር ብቻ ነው። እንደ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ባሉት ግን የራሱን ክሊኒክ መክፈት ይችላል።

ስለዚህ ሙያ ደስ የሚለኝ አነሳሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ፣ አልፍሬድ ፎንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት አስተማራት። በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ የወጡት ሴቶች ወዴት ሄዱ? ብዙዎቹ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሕፃናትን ጥርስ ለማጽዳትና ስለ ንጽህና ለማስተማር ተሰማሩ። ሙያው ገና ከጅምሩ በሽተኛ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም ማለት ነው።

ከማኅበረሰቡ ጋር አብሮ መሥራት የሚባለውም ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ቦታና ሰዓት ይሰጣል፤ ወላጅ ይፈቅዳል፤ ጤና ቢሮው ዕቃ ያቀርባል፤ ሃይጂኒስቱ እጁንና እውቀቱን ይዞ ይመጣል። ቦታው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች የሚከታተሉበት ክሊኒክ አለ፤ ስኳርና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉና። የአረጋውያን መኖሪያም አለ። አቅመ ደካማ አዛውንት አፋቸው ካልጸዳ፣ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እዚያ ብሩሽ የሚይዘው በየቀኑ የሚንከባከባቸው ሰው ነው። ስለዚህ ሃይጂኒስቱ ከአዛውንቱ ይልቅ ተንከባካቢውን ቢያሠለጥን ይሻላል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልናገር። ብሩሽ አድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ መበተን አብሮ መሥራት አይደለም። የአንዲት ልጅ ጥርስ መቦርቦሩ ታይቶ የሚቀበላት ሐኪም ከሌለ፣ ምርመራው መርዶ ከመንገር አያልፍም። ስለዚህ ሃይጂኒስቱ የመጀመሪያውን ልጅ አፍ ከማየቱ በፊት፣ የባሰባቸው ወዴት እንደሚላኩና ማን እንደሚከፍል ስምምነት መኖር አለበት። ብዙ በጎ ሥራ የሚከሽፈው እዚች ጋ ይመስለኛል።

ጉዳዩ ደግሞ የጥቂት አገሮች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ የአፍ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ ሰው እየሞሉና እየነቀሉ መጨረስ የማይታሰብ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች ከማከም ወደ መከላከል እንዲያደሉ ጠይቋል። መከላከል ደግሞ የሃይጂኒስቱ የዕለት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦስሎ፣ ኖርዌይ ላይ የተመሠረተው የዴንታል ሃይጂኒስቶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም የየአገሩን ማኅበራት ያገናኛል። አንዱ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፍሎራይድ እንዲቀቡ ሲፈቅድ፣ ሌላው ጋ ያሉት ባልደረቦቻቸው ያንን ይዘው የራሳቸውን ሕግ አውጪዎች ማነጋገር ይችላሉ።