ፍራጃይል ኤክስና ኦቲዝም፦ ከመቶው ስንቱ?

ፍራጃይል ኤክስ በአንድ ዘረ-መል ለውጥ የሚመጣና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጤና ችግር ነው። በዘር ከሚወረሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት መንስኤዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መንስኤው አንድ ዘረ-መል ብቻ መሆኑ በታወቀ ኦቲዝም ውስጥም ቀዳሚ ነው ይባላል። ታዲያ ስሙ በተነሳ ቁጥር ሁለት ስታቲስቲኮች አብረው ይመጣሉ። ብዙ ሰውም ያምታታቸዋል።

አንደኛው ፍራጃይል ኤክስ ካለባቸው ልጆች ስንቶቹ ኦቲዝም እንዳለባቸው ይናገራል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የሚጠቅሰው የወላጆች ጥናት ከወንዶቹ 46 በመቶ፣ ከሴቶቹ 16 በመቶ ይላል። ሁለተኛው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ኦቲዝም ካለባቸው ውስጥ ፍራጃይል ኤክስ ያለባቸው ስንት ናቸው? እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከ1 እስከ 6 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን ሰምቶ «የኦቲዝም ግማሹ የሚመጣው ከፍራጃይል ኤክስ ነው» ያለ ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

ሁለተኛው ቁጥር ራሱ ቢሆን በጥርጣሬ መታየት ያለበት ይመስለኛል። ሒሳቡን እንሞክረው። በሲዲሲ ግምት ፍራጃይል ኤክስ የሚገኘው ከ7,000 ወንዶች በአንዱ ነው። ስለዚህ ከ700,000 ወንድ ልጆች 100 ያህሉ ይኖርባቸዋል። ከእነሱ 46ቱ ኦቲዝም አለባቸው እንበል። በ2025 በወጣው የአሜሪካ ሪፖርት መሠረት ደግሞ ከ20 የስምንት ዓመት ወንዶች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት ተለይቷል። ይህ ከ700,000ው 35,000 መሆኑ ነው። 46ን ለ35,000 ብናካፍል አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም! ልዩነቱ ከየት መጣ? አንድም፣ ለዘረ-መል ምርመራ ሐኪም ቤት የሚላኩት በአብዛኛው እድገታቸው በግልጽ የዘገየ ልጆች ናቸው። ሌላም፣ ዛሬ ኦቲዝም የሚባለው ከድሮው በጣም ሰፍቷል። አካፋዩ ሲያድግ ድርሻው ያንሳል።

የችግሩ ምንጭ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ኤፍኤምአር1 የተባለ ዘረ-መል ነው። በ1991 ተገኘ። በውስጡ «ሲጂጂ» የሚባሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ይደጋገማሉ። በአብዛኛው ሰው ድግግሞሹ ከ45 በታች ነው። ከ200 ሲያልፍ ግን ዘረ-መሉ ይዘጋል። አንጎል የነርቭ ግንኙነቶችን ለማስተካከል የሚፈልገው ፕሮቲንም ይቀራል። ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው ጤነኛው የጎደለውን በከፊል ይሞላል። 46ና 16 የተራራቁት በአብዛኛው በዚህ ነው።

ፍራጃይል ኤክስ ያለባቸው ሁሉ ኦቲዝም አለባቸው ማለት አይደለም። ለመለየት ግን ያስቸግራል። ብዙዎቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብዳቸዋል፣ እጃቸውን ያርገበግባሉ፣ አንድ ቃል ይደጋግማሉ። ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት አንድ ሰላምታ አለ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል፣ ፊቱን ግን ወደ ጎን ያዞራል። ሰው ጠልቶ አይደለም። መቅረብ ይፈልጋል፣ መተያየቱ ግን ያስጨንቀዋል። ይህን አንዱ መርማሪ የኦቲዝም ምልክት ብሎ ሲመዘግበው ሌላው ጭንቀት ይለዋል። አንዱ ጥናት 30 በመቶ፣ ሌላው 60 በመቶ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ድግግሞሹ ከ55 እስከ 200 የሆነ ሰው ደግሞ ተሸካሚ ይባላል። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ከሴቶች ከ150 እስከ 300 ባሉት ውስጥ አንዷ ተሸካሚ ናት። ተሸካሚ አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፣ ለወንዶቹ ግን አያወርስም። ልጅቱ ተሸካሚ ሆና ስትወልድ ድግግሞሹ ሊያድግና ከ200 ሊያልፍ ይችላል። እናም ምንም ያልነበረበት አያት የልጅ ልጁ ሲመረመር ነገሩ ከእሱ መጀመሩ ይታወቃል። ተሸካሚነትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ምንም አያደርግም ማለት አይቻልም። ከተሸካሚ ሴቶች 20 በመቶ ያህሉ የእንቁላል ማምረቻቸው ከ40 ዓመት በፊት ይደክማል። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ ከ50 ዓመት በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እግራቸውም ሚዛን መሳት ይጀምራል። በእስራኤል የተሸካሚነት ምርመራ እርግዝና ለሚያስቡ ሴቶች በመንግሥት ወጪ ይሰጣል።

መድኃኒት ላይ ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር። በአይጦች ላይ የሠራው በሰው ሙከራ አልሠራም። የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ ማቮግሉራንት በተባለው መድኃኒት ላይ የጀመረውን ሥራ በ2014 አቁሟል። እስካሁን ያለው እገዛ የንግግርና የባህሪ ሥልጠና፣ ለጭንቀትና ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ሕክምና ነው።

ምርመራው የራሱ ታሪክ አለው። በ1969 ተመራማሪው ኸርበርት ለብስ የክሮሞዞሙን የተሰነጠቀ የሚመስል ጫፍ በማይክሮስኮፕ አየ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን ሊያገኙት አልቻሉም። ግራንት ሰዘርላንድ በ1977 ምክንያቱን ደረሰበት፤ ስንጥቁ የሚታየው ሴሎቹ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ባነሰበት የላቦራቶሪ ምግብ ውስጥ ሲያድጉ ብቻ ነበር። ዛሬ ማይክሮስኮፑ ቀርቶ የሚቆጠረው ድግግሞሹ ነው፣ ለዚህም የደም ናሙና ይበቃል። ተራው የክሮሞዞም ምርመራ ግን አሁንም ስለሚስተው፣ «የዘር ምርመራ ተደርጎ ምንም አልተገኘም» የተባለ ወላጅ የኤፍኤምአር1 ምርመራ ተካቶ እንደሆነ ለይቶ ቢጠይቅ ይሻላል።