ገፊና ሳቢ ምክንያት ምንድን ነው? ድሬዳዋን የወለደው ዳገት

ሰው የተወለደበትን ቀዬ ለቆ ለምን ይሄዳል? የሥነ ሕዝብ አጥኚዎች መልሱን ለሁለት ይከፍሉታል። ገፊ ምክንያት ሰውን ካለበት የሚያስወጣው ነው፦ ድርቅ፣ የመሬት ጥበት፣ ጦርነት፣ ሥራ ማጣት። ሳቢ ምክንያት ደግሞ ወደ አዲሱ ቦታ የሚጠራው ነው፦ ደመወዝ፣ ገበያ፣ ሰላም።

ይህን ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የሚረሳው ሦስተኛው ነው። አሜሪካዊው ኤቨረት ሊ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ በመነሻና በመድረሻ መሀል ያለው እንቅፋትም ይታይ ብሏል፤ ርቀት፣ የጉዞ ወጪ፣ ድንበር፣ የመሳሰለው። እኔ ድሬዳዋን ሳስብ ከሦስቱ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ቡናውም ነጋዴውም ያለው እዚያ ነው። ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ከድሬ ወደ ሐረር በደንገጎ በኩል የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል፤ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ፣ ከኋላው መኪና አሰልፎ ነው ጠመዝማዛውን የሚጨርሰው። እዚያ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ቦታውንም «አዲስ ሐረር» አሉት።

ቀጥሎ የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ አጠረው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሀሉ ለዓመታት ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ሆነች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፤ ከደጋ የወረደ ቡናና ቆዳ እዚያ ይጫናል። ዕቃ በሚቆምበት ሰውም ይቆማል፦ ተሸካሚው፣ ግመል ነጂው፣ ቀራጩ፣ ምግብ ሻጯ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ ሱቅ ከፈቱ። የባቡሩ ሰዎች ከዚራ በሚባለው ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች ሰፈሩ፤ ገበያው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ላይ ደራ።

«ባዶ መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ» ሲባል ግን አልስማማም። የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከባቡሩ በፊት ከብታቸውን የሚያሰማሩበት አገር ነው። አዲስ ሰፈራ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ነባር አገር ነው፤ ይህን ሳያነሱ ስለ ሰፈራ ማውራት ነውር ይመስለኛል።

አንዴ ከተጀመረ ዘመድ ዘመድን ይስባል። የመጀመሪያው ሰው ማንንም ሳያውቅ ይመጣል፤ ሁለተኛው የሚያርፍበት ቤት፣ ሥራ የሚያገናኘው ሰው አለው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የድሬ ከተማ ነዋሪ ከ233 ሺህ በላይ ሲሆን፣ የሐረር ከተማ 99 ሺህ ገደማ ነበር። ልጅቱ እናቷን ከእጥፍ በላይ በልጣታለች።

ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፤ ኮንቴይነሩም ድሬ ሳይራገፍ በቀጥታ ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረስ ይችላል። ዱሮ ዕቃውን ያስቆመው እንቅፋት የለም ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና የማየው ከዚህ አንፃር ነው፦ ዕቃው ድሬ ላይ የሚቆምበትን ምክንያት በሰው እጅ የመፍጠር ሙከራ ነው።