ደረት የማያምም ሀርት አታክ ምንድን ነው?

ሀርት አታክ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ደረቱን ጨብጦ የሚወድቅ ሰው ነው። እንዲህ የሚሆን አለ፤ ብዙም ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ አይመጣም። ደረቱን ምንም ሳያመው፣ ወይም "ትንሽ ከበድ አለኝ" ከማለት ሳያልፍ የልቡ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሞች ድምፅ አልባ ሀርት አታክ የሚሉት ይህንን ነው።

ድምፅ አልባ ሲባል ሁለት ነገር ይጠቃለልበታል። አንደኛው ሰውየው ጨርሶ ሳያውቀው የሚያልፈው ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያነብ ምርመራ) ሲነሳ የቆየ ጠባሳ ይገኝበታል። ሁለተኛው ምልክት አለው፤ ግን ማንም ከልብ ጋር አያገናኘውም። ላብ ይሆናል፣ ድካም ይሆናል፣ ማቅለሽለሽ ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። በሰዓቱ ቢታወቅ ይታከም ነበራ።

መጀመሪያ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ልብ ለሌላው አካል ደም ይረጫል፤ ለራሱ የሚያስፈልገውን ደም ግን የሚያገኘው በላዩ ላይ ከተዘረጉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። በእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ለዓመታት ስብ ይጋገራል። አንድ ቀን ያ የተጋገረው ይሰነጠቅና ቦታው ላይ ደም ይረጋል። ቧንቧው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥም መሞት ይጀምራል። ስኳር፣ በተለይ ከግፊትና ከኮሌስትሮል ጋር ሲሆን፣ ይህን መጋገር ያፋጥነዋል።

ታዲያ ለምን አያምም? ነገሩ ያለው ነርቭ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮችን፣ ነርቮቹን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። እግር ላይ ሲሆን ሁሉም ያውቀዋል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ምስማር ረግጦ ሳይሰማው ይውላል፤ ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው የሚደነግጠው። ከልብ ወደ አንጎል የሕመም መልእክት የሚወስዱ ነርቮችም እንደዚያው ሊደነዝዙ ይችላሉ። ያኔ ቧንቧው ይዘጋል፣ ጡንቻው ይሞታል፣ መልእክቱ ግን ወይ አይደርስም ወይ ተዳክሞ ይደርሳል።

የእነዚህ የውስጥ ነርቮች ጉዳት የራሱ ፍንጭ አለው። ቁጭ ባሉበት ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት አንዱ ነው። ከተኙበት ሲነሱ ግፊት ወርዶ ማዞርም ሌላው ነው። ጨጓራም ከዚህ አያመልጥም። ነርቩ ሲጎዳ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ መነፋት፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ይህ ሰው እንግዲህ የእውነት የጨጓራ ችግር አለበት። ሀርት አታክ በማቅለሽለሽና በላይኛው ሆድ ሕመም ሲመጣበት "የለመደብኝ ነው" ቢል ማን ይፈርድበታል?

አገራችን ላይ ደግሞ "ጨጓራ" የማይሸከመው ነገር የለም። በርበሬው በዝቶ ነው፣ ቡና በባዶ ሆዴ ጠጥቼ ነው፣ ጾሙ ደክሞኝ ነው። ተልባ ይበጠበጣል፣ ኦሜፕራዞል ይዋጣል፣ ጋደም ይባላል። አንዳንዴም ቀለል ይላል። የጨጓራ መድኃኒት ወስዶ መሻል ግን ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም። የልብ ሕመም በራሱም መጣ ሄድ ሊል ይችላል። ስለዚህ ስኳር ላለበት ሰው፣ ድንገት የመጣና ከለመደው ለየት ያለ የሆድ ስሜት "ጨጓራ ነው" የሚባለው ከኢሲጂ በኋላ እንጂ በፊት መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ከምልክቶቹ ዋናው የትንፋሽ ማጠር ነው። ትናንት ያለችግር የወጡት ደረጃ ዛሬ ግማሹ ላይ ያስቆማል። ወይም ቁጭ ተብሎ፣ ሌሊትም ተተኝቶ፣ አየር ያንሳል። ሌላው ምክንያት ያልተገኘለት ድካም ነው፤ ልብስ መልበስ እንኳን የሚያቅት ዓይነት። ሕመም ቢኖር ደግሞ ደረት ላይ ላይሆን ይችላል፤ መንጋጋ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ክንድ ወይም በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ጀርባ ላይ ይሰማል። ራስን መሳትም ይኖራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ድንገት ግራ ሲገባቸው፣ ሲዘባርቁ ሊታይ ይችላል። ሴቶች ላይ ስኳር ባይኖርም እንኳን እነዚህ ከደረት ውጪ ያሉ ምልክቶች በርከት ይላሉ።

ከሁሉም የሚያሳስተው ላብ ነው። ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ ድው ድው ማለት፤ ስኳር ያለበት ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው "ስኳሬ ወረደ" ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ግን በግምት አይሆንም፣ መለኪያው ይውጣ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ላቡ ከቀጠለ ግን ስኳር አይደለም። ስኳሩ ተስተካክሎም ትንፋሹ ካልተመለሰ ያው ነው፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከላቡ ጋር ደረት ላይ ጫና ወይም የትንፋሽ ማጠር አብሮ ከመጣ ደግሞ 15 ደቂቃውን አትጠብቁ። መለኪያ ቤት ከሌለ ስኳሩን ስጡት፤ እየሰጣችሁም መኪና ፈልጉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሀርት አታክ ራሱ ስኳርን ያንራል። ሰውነት ሲጨነቅ የሚለቃቸው ሆርሞኖች ናቸው ከፍ የሚያደርጉት። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ፣ ምግቡንም ሳይቀይር ስኳሩ ድንገት ሽቅብ የወጣበትና ሰውነቱ የዛለ ሰው ኢንሱሊን ጨምሮ መተኛት የለበትም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ልብም ሊሆን ይችላል።

የደረት ሕመም አለመኖር የሚያስከፍለው ዋጋ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሀርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ ከ430 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ ተመልክቷል፤ ስኳር ያለባቸውም የሌለባቸውም አሉበት። አንድ ሦስተኛው ሲደርሱ ደረታቸውን አላመማቸውም ነበር። በእነዚህ መካከል ስኳር ያለባቸው ሰዎች በርከት ብለው ተገኝተዋል። ደረታቸውን ያላመማቸው ሰዎች ሆስፒታል ለመድረስ በአማካይ 8 ሰዓት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ ደረታቸውን ያመማቸው ግን በ5 ሰዓት ገደማ ደርሰዋል። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ሕመም ካልነበራቸው 23 በመቶ፣ ሕመም ከነበራቸው 9 በመቶ ናቸው። ሕመም የሌለው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሳይታወቅ የሚያልፈውም ጥቂት አይደለም። በእንግሊዝ ዩኬፒዲኤስ የሚባል ትልቅ የስኳር ጥናት ነበር። ከተሳታፊዎቹ ሲጀመር መረጃቸው ተሟልቶ ከታየው 1,967 ሰዎች በ326ቱ ኢሲጂ ላይ ሳያውቁት ያለፈ ሀርት አታክ ምልክት ተገኝቷል። ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስኳር እንዳለባቸው ገና መታወቁ ነበር።

እንግዲህ ጥርጣሬው ሲመጣ ምን ይደረግ? አምቡላንስ ይጠራ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ የጎረቤት መኪናም ታክሲም ይሆናል፤ ታማሚው ግን ራሱ አይንዳ። የሚኬደው ኢሲጂ ወዳለበት ጤና ተቋም ነው። አስፒሪን የማያስቆጣውና የሚደማ ቁስል የሌለበት ሰው 300 ሚሊግራም አኝኮ መዋጥ ይጠቅመዋል፤ ስልክ ያነሳውን ባለሙያ ጠይቆ ቢሆን ይመረጣል።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትነገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። "ሆዴን አመመኝ" ከተባለ ወንበር ይታያችኋል። "ስኳር አለብኝ፣ ድንገት ላብ አጥምቆኛል፣ ትንፋሼ አጥሯል፣ ኢሲጂ ይነሳልኝ" በሉ። የሕክምና መመሪያዎች ሀርት አታክ የተጠረጠረበት ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሳ ያዛሉ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ውጭ አገር ለእናት ለአባት የምታስተረጉሙ ልጆችም እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። እማዬ "ምንም አይደል፣ ልጄ፣ ትንሽ ነው" ቢሉም፣ ሌሊት ያጠመቃቸውን ላብ፣ ያስመለሳቸውን፣ የጀርባቸውን ሕመም አንድም ሳታስቀሩ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆኖ መገኘቱም ብቻውን ወደ ቤት አያስኬድም። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ነገር ነው የሚለካው። መጀመሪያ ላይ ላይታይ ስለሚችል ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ይደገማል። ሳይደገም "ሂዱ" ከተባላችሁ ለምን እንደማይደገም ጠይቁ።

ምንም ምልክት የሌለው ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ የልብ ቧንቧውን ይመርመር ወይ የሚለው ተጠንቷል። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ዲያድ የሚባል ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎችን አስቀድሞ በልዩ ምርመራ መፈተሽ የሀርት አታክና የሞት ቁጥርን በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። ምልክት ላለው ግን የግድ ነው። ገንዘቡና ጉልበቱ የሚውለው ግፊትን በማስተካከል፣ ሲጋራን በመተውና ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በመውሰድ ላይ ቢሆን ይሻላል። ስኳር ካለ ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ኮሌስትሮሉ ብዙ ከፍ ባይልም ስታቲን ይታዘዛል። ብዙ ሰው "ኮሌስትሮሌ እኮ ደህና ነው" ብሎ የሚያቋርጠውም ይህንኑ ኪኒን ነው።