ነጭ ወርቅ ምንድን ነው?

ከመሬት ነጭ ሆኖ የሚወጣ ወርቅ የለም። ይህን ያስቀደምኩት ቀለበት ሊገዙ የሚወጡ ብዙ ጥንዶች ነጭ ወርቅን ራሱን የቻለ ሌላ ማዕድን ስለሚያደርጉት ነው። እኔም የዛሬ ሰባት ዓመት ቬራ ልንገዛ ፒያሳ ስንወጣ እንደዛው ነበር የማስበው። ንጹህ ወርቅ መልኩ አንድ ነው፣ ቢጫ። ነጩም፣ ሮዙም፣ አረንጓዴውም አብሮት ከሚቀልጠው ሌላ ብረት የመጣ መልክ ነው።

ለምን ይቀላቀላል? 24 ካራት የሚባለው ንጹህ ወርቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ነው። ቀለበት ቢሰራበት ይጎብጣል፣ ይጫጫራል፣ ፈርጥም አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ አንጥረኛው ብር ወይም መዳብ ወይም ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ካራት ማለት እንግዲህ ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ነው። 18 ካራት ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ ነው፣ 21 ደግሞ ከስምንት እጅ ሰባቱ። ቀለሙን የምትወስነው የቀረችዋ ናት። 18 ካራት ላይ የቀረችው ሩብ ብርና መዳብ እኩል ከሆነች የለመድነው ቢጫ ይወጣል። መዳቡ ሲበዛ ሮዝ ጎልድ ይሆናል፣ ብር ብቻ ሲሆን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቢጫ። ኒኬል ወይም ፓላዲየም የሚባል ነጭ ብረት ሲገባበት ግን ቢጫው እየጠፋ ይሄዳል። ነጭ ወርቅ የምንለው ይሄንን ነው።

እየጠፋ ይሄዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ነጭ ወርቅን ያለ ምንም ቅብ ብታዩት ወተት ላይ ትንሽ ሻይ ጠብ ሲደረግበት የሚመጣውን ቀለም ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ግራጫ ያደላል። ወርቅ ቤት ውስጥ መብራት ስር እንደ መስታወት የሚያበራው ንጣት የሌላ ብረት ነው። ስሙ ሮዲየም ይባላል። የፕላቲነም ዘመድ ነው፣ አብዛኛው የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ ዋናው ስራውም የመኪና ጭስ ማጣራት ነው። በጣም ውድ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ቀለበቱ ላይ የሚቀባው ግን ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ አይበልጥም። ቀለበቱ በደንብ ከጸዳ በኋላ ሮዲየም ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፣ ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስስ ስለሆነም ያልቃል።

ይህን ማንም ሳይነግረኝ ነው የገዛሁት። ሻጩ “ነጭ ወርቅ ነው፣ 18 ነው” አለን፣ ከፈልን፣ ወጣን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከመዳፌ በኩል ያለው የቀለበቱ ጎን ቢጫ መሆን ጀመረ። ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ የታክሲ በር ስይዝ የሚፋተገው እሱ ጎኑ ነው። እኔ ግን ያኔ ይሄ ሁሉ አልታየኝም፣ ተሸወድኩ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ለባለቤቴ እንኳን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ጋ ወሰድኩት። ማጉያ መነጽራቸውን አይናቸው ላይ አድርገው ውስጡን አዩ፣ 750 የሚል ማህተም አለ አሉኝ። ከዚያ ቀለበቱን ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸት ሲያደርጉት ቀጭን መስመር ቀረች፣ መስመሯ ላይ አሲድ ጠብ አደረጉባት። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። መስመሯ አልጠፋችም። “ልጄ፣ ወርቁማ ያው ወርቅ ነው፣ ቅቡ ነው የለቀቀው” አሉኝ። ሮዲየም የሚባለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ነጭ ወርቅ ስትመርጡ ቅቡን ማሳደስንም አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሁሌ የሚደረግ ቀለበት ከሆነ በየአንድ ሁለት ዓመቱ ይመጣባችኋል፣ ጉትቻና ሀብል ብዙ ስለማይፋተጉ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ። ቀለበቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ እሳትና ሞረድ ስለሚነካው ያን ጊዜም መቀባት አለበት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት “ቅቡን እናንተው ታድሱልኛላችሁ? ስንት ያስከፍላል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ወርቅ ቤት ግቡ።

ማህተሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነጭ ነገር ላይ አይን ይሳሳታል። ብርም በሮዲየም ይቀባል። ተቀብቶ ከነጭ ወርቅ ጎን ቢቀመጥ እኔ አልለየውም፣ እናንተም አትለዩትም። ውስጡ 925 ካለ ብር ነው። 750 የ18 ካራት ነው፣ 585 የ14፣ 875 የ21። 950 ካለ ደግሞ ፕላቲነም ሊሆን ይችላል። ፕላቲነምንም ነጭ ወርቅ የሚለው ሰው አለ፣ ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ፕላቲነም ከመሬት ሲወጣም ነጭ ነው፣ ያውም በእኛው አገር ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ይገኛል። ቅብ አያስፈልገውም፣ እጅ ላይ ሲያዝም ከወርቁ ከበድ ይላል። ነጭ ወርቅ የተለመደውም እሱን ተክቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግስት ፕላቲነም ለጦርነቱ ስራ ብቻ ይዋል ብሎ ለጌጥ ሲከለክለው የዚያ አገር ጌጥ ሰሪዎች ወደ ነጭ ወርቅ ዞሩ።

“21 ካራት ነጭ ወርቅ አለን” የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። 21 ላይ ወርቅ ያልሆነው ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው፣ ይቺ ደግሞ ያን ሁሉ ቢጫ ለማንጣት ብዙ ጊዜ አትበቃም። ከላይ የምታዩት ቅቡን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሲለቅ ቢጫ ሊወጣ ይችላል። ነጭ የፈለገ ሰው 18 ወይም 14 ቢይዝ ይሻለዋል።

ሌላው ኒኬል ነው። አርቲፊሻል ጉትቻ ስታደርጉ ጆሯችሁ የሚያሳክካችሁና የሚያዥባችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። በኒኬል የተሰራ ነጭ ወርቅም ቅቡ ሲሳሳ እንደዛ ሊያደርጋችሁ ይችላል። የአውሮፓ ህብረት ከጌጣጌጥ ወደ ቆዳ የሚወጣውን የኒኬል መጠን በህግ ገድቦታል። እናንተም “በምንድን ነው የነጣው?” ብላችሁ ጠይቁ። በፓላዲየም የነጣው ዋጋው ይጨምራል፣ ለቆዳ ግን ብዙውን ጊዜ ሰላም ነው።

ሮዝ ጎልድን እኔ እወደዋለሁ። ቀለሙ የራሱ የመዳቡ ስለሆነ የሚለቅ ቅብ የለውም፣ ቢጫጫር እንኳን ከስር የሚወጣው ያው ሮዝ ነው። መዳብ ስለሚያጠነክረው ስራ ለሚበዛበት እጅ ይሆናል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ይደበቃል። እህቴ ቀጭን የሮዝ ሀብል አላት፣ በጣም ቀርባችሁ ካላያችሁ አንገቷ ላይ መኖሩ አይታወቅም። ለእሷ የሚጥማትም ይሄው ነው። ቢጫው ግን በእኛ ቆዳ ላይ ከሩቅ ይጣራል። ለጥልፍ ቀሚስ፣ ለሰርግ፣ ለበዓል እንደ ቢጫ የሚሆን አላየሁም።

የቤተሰብንም ነገር አስቡበት። በመልሳችን ዕለት የአባቴ ታላቅ እህት እጄን ይዘው አገላብጠው አዩና “ምነው ልጄ፣ በብር ነው እንዴ የተሞሸርሽው?” አሉኝ። ወርቅ መሆኑን ባስረዳቸውም ፊታቸው አልተፈታም። በእሳቸው ዓይን ወርቅ ማለት ቢጫ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ቀለበቱን የምታደርጉት እናንተ ስለሆናችሁ የወደዳችሁትን ግዙ፣ ግን ጥያቄው እንደሚመጣ እወቁ።

ለክፉ ቀን ይሆነኛል ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ግን ሃሳቤ አንድ ነው፣ ቢጫ 21። ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ላባቸውን በ21 ካራት አምባርና ሀብል ይዘው የሚመጡት አውቀው ነው። ሲሸጥ የሚመዘነው ግራሙና ካራቱ ነው፣ የእጅ ዋጋውና ቅቡ አይመለስም። ነጭ ወርቅ በካራቱ ልክ ወርቅነቱ ከቢጫው እኩል ነው፣ 18 ካራት ነጭም ሆነ ቢጫ ያው ሦስት አራተኛ ወርቅ ነው። ግን ለአሰራሩና ለቅቡ የጨመራችሁትን ማንም አይቆጥርላችሁም።

የእኔ ቬራ ቅቡ ሁለት ጊዜ ታደሰ። ሦስተኛውን ተውኩት። አሁን ዙሪያውን የዚያ የወተቱ ቀለም ሆኗል፣ የባለቤቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቢጫ ነበር። እጃችንን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሁለቱ ቀለበቶች ከሰርጋችን ቀን ይልቅ ዛሬ ይመሳሰላሉ።