የጠበቆች የቴክኖሎጂ እምቢታ ምንድን ነው?

ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ «ጠበቆች ኮምፒውተር ስለሚፈሩ ወደ ኋላ ቀርተዋል» አለ። ይህ አባባል ሲደጋገም ዝም ማለት አቃተኝ። ጠበቃ ቀኑን ሙሉ ዎርድ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው። የሚያንገራግረው የደንበኛው ምስጢር ከእጁ ሊወጣ ሲል ነው።

ሰው አደራ ሰጣችሁ እንበል። አንድ ሻጭ መጥቶ «የእኔ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፣ ቀላልም ፈጣንም ነው» አላችሁ። ትርፍ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሳጥኑ የሚያድረውስ የት ነው? ሻጩ ሱቁን ቢዘጋ አደራው ምን ይሆናል? ይህን መጠየቅ ምኑ ላይ ነው ኋላቀርነቱ? ባለቤቱ ሲመጣ «ሳጥኑ ነው ያጠፋው» ብላችሁ አትገላገሉም።

ስጋቱም ባዶ አይደለም። የውል ረቂቅ በዎርድ ለተቃራኒ ወገን ይላካል፤ ዳር ላይ ሳትሰረዝ የቀረች ማስታወሻ «ደንበኛችን እስከዚህ ዋጋ ይወርዳል» ትላለች። ፒዲኤፍ ላይ የምስክር ስም በጥቁር ይሸፈናል፤ መስመሩን ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ፔስት ያደረገ ሰው ግን ስሙን ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ዳኛው ጠበቆቹንና ቢሯቸውን በጋራ 5,000 ዶላር ቀጣ። በኃላፊነት የተጠየቁት ጠበቆቹና ቢሯቸው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ነገር አለኝ። አሮጌውን ሳጥን ምስጥ እየበላው «የለመድኩት ይሻለኛል» ካላችሁ እናንተም አደራ በልታችኋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በሥነ ምግባር ደንቡ ማብራሪያ ላይ፣ ጠበቃ የቴክኖሎጂን ጥቅምና አደጋ ተከታትሎ ማወቅ እንዳለበት ጨምሯል። (ደንቡ ሞዴል ነው፤ በየክፍለ ግዛቱ የሚሠራው እዚያ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው።) ስለዚህ ጠበቃው ሰነዱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) የት እንዳለ፣ የተሰረዘ ሰነድ በእርግጥ ይጠፋ እንደሆነ ጠይቆ መልስ ካጣ፣ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። ሳይጠይቅ እምቢ ካለ ግን ተንታኙ እውነት አለው።

ተንታኙ ጨርሶ ያላነሳው ደግሞ ክፍያን ነው። በሰዓት የሚያስከፍል ቢሮ 10 ሰዓት የሚፈጅ የሰነድ ምርመራን በ1 ሰዓት የሚጨርስ ሶፍትዌር ቢያስገባ፣ የ9 ሰዓት ገቢ ይቀርበታል። ይህን ደብቆ ምስጢር ጥበቃን ሰበብ የሚያደርግ ቢሮ ወቀሳው ይገባዋል። በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ቢሮ ግን ያው ሶፍትዌር ትርፍ ነው።