ለሜታቦሎሚክስ ደም ሲሰጡ «ጾመው ይምጡ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሜታቦሎሚክስ በደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን (ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ልዩ ልዩ ስብ) በመቶዎች ቆጥሮ በአንድ ጊዜ ይለካል። ለእርጅና ጥናት የወጣትና የአዛውንት ደም የሚነጻጸረው በዚህ ነው። ችግሩ «ጾም» የሚለው ቃል ነው።

ወሎ ውስጥ ቃሉ የሚሰማው እንደ ሰሚው ሃይማኖት ነው። ፍስክ መተው ለዚህ ምርመራ ጾም አይደለም፤ ሽሮ የበላ በልቷል። የረመዳን ጾምም አይተካውም፦ ውሃ ስለማይጠጣ እንደ ክሬቲኒን (ጡንቻ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ያሉት በደም ውስጥ ከፍ ሊሉ ይችላሉ፤ ክሬቲኒን ደግሞ ኩላሊት በዕድሜ ሲደክምም ይጨምራል። ቀጠሮውን ከዒድ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

የሚፈለገው ደም ከመስጠት በፊት ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምንም አለመብላት ነው። ማታ 2 ሰዓት እራት የበላ ጠዋት 2 ሰዓት ይሰጣል። ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ቡና ግን ያለ ስኳርም አይሆንም፤ ካፌይኑ ራሱ ይለካል። ጫትም እንዲሁ።

ደሙ ከተቀዳ በኋላም ሴሎቹ ስኳር መብላታቸውን አያቆሙም። ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ከቆየ ግሉኮስ (የደም ስኳር) በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ላክቴት (ሴሎቹ ስኳሩን ሲበሉ የሚፈጠረው) ይጨምራል። ስለዚህ ቱቦው በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በሴንትሪፉጅ (በሚያሽከረክር መለያ ማሽን) ቶሎ ተለይቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቆያል። የደሴ አዛውንቶች ደም ዘግይቶ፣ የኮምቦልቻ ወጣቶች ደም ቶሎ ከተለየ፣ የመዘግየቱ ልዩነት የዕድሜ ልዩነት መስሎ ይታያል።