አሮጌውን መርሴዲስ የሚገድለው ዕድሜው አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በአራት ኪሎ መንገዶች ላይ ዛሬም ድረስ ደብሊው 124 የሚባለው የመርሴዲስ ቤንዝ ሞዴል ሲያልፍ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተመረተ፣ በዘመኑ ለኃላፊዎችና ለባለሀብቶች የሚገዛ መኪና ነበር። በጥሩ እጅ ከገባ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከጎዳና የሚያወጡት ግን በቅን ልቦና የሚሰጡ የተሳሳቱ ምክሮች ናቸው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቴርሞስታት አያስፈልግም፤ ውኃ ከሞላህ በቂ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሞተሩ በትንሹ በሞቀ ቁጥር የማቀዝቀዣውን ውኃ ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። በዚህ ሞዴል የቤንዚን ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከጀርባው ባለችው ክብ ሳህን ውኃው ሳይበርድ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ሳይሞቅ ቤንዚን ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ የሞቀው ውኃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመላለሳል። ሙቀት ለመከላከል የተባለው ነገር ራሱ ሙቀት ያመጣል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ሞተር በጤናው የሚሠራበት ሙቀትም እዚያው አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የማቀዝቀዣ ውኃው መሙያ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ በደንብ ከያዘ ውኃው 110 ዲግሪን አልፎም አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ቸርችል ጎዳናን ወጥቶ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ መብራት ሲጠብቅ መፍላት ይጀምራል። ባለቤቱ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን ላይኛ ክፍል፣ ሊያስወርድ ሲዘጋጅ የችግሩ ምንጭ አንድ ክዳን ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ እርሱ ይቀየር። ባዶ ውኃም የአሉሚኒየሙን ቴስታታ ከውስጥ ስለሚበላው ዝገት የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ የግድ ነው።

«ዳገት ላይ ደክሟል፤ ሞተሩ አልቆለታል»

እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ከዚህ ሞዴል 200ኢ የተባለው ዓይነት በወረቀት 120 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ አዲስ አበባ ላይ ከ100 በታች ቢሰጥ ሕመም አይደለም። ሞተር ከማስፈታት በፊት የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት ይሻላል።

«ጭስ ካለው ወፍራም ዘይት ጨምርበት»

ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ሳይታይ ዘይት አይመረጥም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ መውረድ ነው። ታች ደርሰው ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ፣ የደረቁት የቫልቭ ጎሚኒዎች ናቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሲሊንደሩ ውስጥ የተፈጠረው መሳብ ዘይቱን በእነርሱ በኩል ጎትቶታል። እነዚህን ደግሞ ብልህ መካኒክ ቴስታታ ሳያወርድ ይቀይራቸዋል። ጭሱ ዳገት ላይ ያለማቋረጥ የሚከተል ከሆነ ግን ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፣ የፒስተን ሪንግ፣ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ሙሉ እድሳት ይጠይቃል። ወፍራም ዘይት ሁለቱንም አይፈውስም። ያለው ጉዳት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ መድረሱ ነው።

«ከአንድ ሞዴል ውስጥ ዘግይቶ የተመረተው ሁልጊዜ ይሻላል»

ገዢዎች የምርት ዓመቱን ብቻ አይተው ዋጋ ይጨምራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1992 ወይም 1993 ገደማ እስከ 1995 በተመረቱት ላይ የሞተሩ ሽቦዎች ልባስ በጊዜ ብዛት የሚፈረፍር ዓይነት ነበር። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ሽቦ በጣት ቀስ አድርገው ቢያጥፉት ልባሱ እንደ ደረቀ ቅጠል ከተሰነጠቀ፣ ሽቦው በሙሉ መቀየር አለበት። አልፎ አልፎ የሚጠፋ፣ የሚንቀጠቀጥና በየጋራዡ «ሴንሰር ነው» እየተባለ ገንዘብ የሚበላ መኪና ሕመሙ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሽቦው ካልተቀየረለት የ1994 መኪና ይልቅ ጥሩ ይዞታ ያለው የ1988 መኪና እንደሚበልጥ እኔ አልጠራጠርም።

«ብዙ ያልተነዳ ከሆነ እንደ አዲስ ነው»

ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል። ጎማው ጥርሱ ሳይበላ ሊያረጅ ይችላል፤ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ማየት ነው። 2314 ከተባለ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነውና ጥርሱ ቢያምርም አይታመንም።

«የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይነካም»

ይነካል፤ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ከማጣሪያው ጋር ቢቀየር ካምቢዮው ረጅም ዕድሜ አለው። በዚህ ሞዴል ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ላይ የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተርም የራሱ ማፍሰሻ ብሎን አለው። እርሱ ካልተፈታ ብዙው አሮጌ ዘይት ውስጥ ይቀራል። ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ሆኖ ነው። መለኪያው የሚጠረገውም ክር በማይረግፍ ጨርቅ ነው፤ አንዲት ክር የካምቢዮውን ቀጭን የዘይት መስመር ልትዘጋ ትችላለች።

«መለዋወጫው የለም፤ መንግሥትም ከልክሎታል»

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተገደበው በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎችን ማስገባት እንጂ ያለውን መንዳት አይደለም። ዓመታዊ ምርመራውን ካለፈና ቦሎ ካለው ይነዳል። መለዋወጫም አለ፤ ችግሩ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። «የመርሴዲስ የውኃ ፓምፕ» ብሎ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ክፍሎቹ በሞተር ዓይነትና በምርት ጊዜ ይለያያሉና። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ጽፎ፣ ከተቻለም አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ የሚሄድ ግን ከነጋዴው ፊት አስቀምጦ ያስተያያል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ካልገጠመም ገንዘቡን ሳይከፍል ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋል።